ሱሪው ከተሸጠ በኋላ ቁጥሩ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት አክስቴ ከጀርመን ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ጂንስ ሱሪ ይዛልኝ መጣች። ከወገቡ በስተውስጥ፣ ስለ አስተጣጠቡ ከሚናገረው ጨርቅ ጎን፣ ወፈር ያለ ሌላ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። በላዩም የመቀስ ሥዕልና የነጥብ መስመር አለ። እንደተባለው ቆርጬ ልጥለው ስል በመስኮቱ ብርሃን የተጠማዘዘ ቀጭን የብረት መስመር ታየኝ። በምላጭ ሰነጠቅሁት። ከመሀሉ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አገኘሁ።

አክስቴ «አንተ ልጅ፣ አዲስ ልብስ በምላጭ ይነካል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ነገሩ ምን እንደሆነ ስነግራት ግን ሳቋ ቀረና «ቆይ፣ እኔ እስከዛሬ የለበስኳቸውን መቼ ቆርጬ አወጣሁ? ይሄ ነገር አብሮኝ ሲዞር ነው የከረመው?» አለችኝ። ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ለእሷ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው። ጥያቄው በኋላ በመመረቂያ ፕሮጀክታችን ላይ ራሳችንን ገጥሞናልና።

ታጉ እንዴት ይሠራል?

ከሱሪው የወጣው ነገር በሙያው አጠራር አር.ኤፍ.አይ.ዲ ታግ ይባላል፤ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ መለያ ማለት ነው። ሁለት ክፍሎች አሉት፦ ቁጥር የተጻፈበት ቺፕና አንቴና። ባትሪ የለውም። ሪደር የሚባለው መሣሪያ የሬዲዮ ሞገድ ሲልክ አንቴናው ከሞገዱ ጥቂት ኃይል ይቀበላል። ቺፑም በዚያችው ኃይል ነቅቶ ቁጥሩን ወደ ሪደሩ መልሶ ያንጸባርቃል። ሪደር ከሌለ ታጉ ዝም ያለ ነገር ነው።

የልብስ መደብሮች በብዛት የሚጠቀሙበት ዓይነት ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠራ ሲሆን፣ የሚነበበውም ከጥቂት ሜትሮች፣ ሁኔታው ከተመቸ እስከ 10 ሜትር ርቀት ነው። ብረትና ውኃ ያዳክሙታል። የሰው ገላም አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ታጉ ሰውነት ላይ ሲለጠፍ ንባቡ ይቀንሳል። እንግዲህ «በሳተላይት ይከታተሉኛል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ለመደብሩ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። አንድ ሠራተኛ ሪደሩን ይዞ በመደርደሪያዎቹ መሀል ሲያልፍ በመቶ የሚቆጠሩ ልብሶችን ሳይነካ በጥቂት ጊዜ ይቆጥራል። የትኛው ቁጥር እንዳለቀ ይታወቃል፣ የተሰረቀውም ይለያል። ይህንን ጥቅም አቃልሎ ስለ ጉዳቱ ብቻ ማውራት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከባርኮድ በምን ይለያል?

ባርኮድ በሱፐርማርኬት ካሸር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ ነው። ዕቃውም አንድ ፓኮ ማስቲካ ነበር። ታዲያ ለብዙ ዓመታት ስንጠቀምበት ማንም ያልፈራውን ነገር አሁን በታግ ሲተካ ለምን እንፈራለን? ልዩነቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ባርኮድ የሚለየው የዕቃውን ዓይነት ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ሱሪዎች አንድ ባርኮድ አላቸው። ታጉ ግን እያንዳንዱን ሱሪ ለብቻው ይለያል። በንግድ ሥራ የተለመደው ባለ 96 ቢት ቁጥር ስለ ድርጅቱና ስለ ዕቃው ዓይነት ከሚናገረው ክፍል ሌላ 38 ቢት ለመለያ ቁጥር ይተዋል። ሒሳቡን ለምትወዱ፣ ይህ ለአንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ከ274 ቢሊዮን በላይ የተለያዩ ቁጥሮች ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ባርኮድን ለማንበብ መታየት አለበት። ታጉ ግን በቦርሳ ውስጥም፣ ከኮት ሥርም ይነበባል። ሲነበብም ባለቤቱ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ አይለወጥም። ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በአንድ በር ሲገባ የተነበበ የጫማ ቁጥር ከወር በኋላ እዚያው በር ላይ ቢነበብ፣ ስሜን ባያውቁም «ያ ሰውዬ ተመልሶ መጣ» ማለት ይችላሉ። ጫማውን የገዛሁት በካርድ ከሆነ ወይም የደንበኝነት ካርዴን አሳይቼ ከሆነ ደግሞ ስሜን የያዘ ዳታቤዝ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ስም አገኘ ማለት ነው።

ተቃውሞው ከየት መጣ?

በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው አውቶ አይዲ ሴንተር እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር የሚኖረውን ዓለም ሲያልም፣ ሐሳቡ ሸማቹ ጋ የደረሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ2003 መጋቢት ፊሊፕስ ቺፖቹ ሲስሊ በሚባለው የቤኔቶን ልብስ ውስጥ እንደሚገቡ አስታወቀ። ካስፒያን የተባለው፣ በካትሪን አልብሬክት የሚመራው የሸማቾች ቡድን ቤኔቶንን አትግዙ ብሎ ዘመቻ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ቤኔቶን በልብሶቹ ውስጥ ታግ እንደሌለ መግለጫ አወጣ።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ካምብሪጅ በሚገኝ የቴስኮ መደብር ሌላ ሙከራ ይካሄድ ነበር። አንድ ሰው ታግ ያለበትን የጂሌት ምላጭ ከመደርደሪያው ሲያነሳ ካሜራ ፎቶ ያነሳዋል፤ ሲከፍልም ሁለተኛ ፎቶ ይነሳል። ዓላማው ሌባን መያዝ ነበር። ነገር ግን ፎቶ የሚነሳው ሌባው ብቻ ሳይሆን ምላጭ ያነሳ ሁሉ ነው። ሰዎች በመደብሩ ፊት ተቃውሞ አሰሙ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን በአክስቴ አገር በጀርመን የሆነው ነው። ሜትሮ የተባለው ኩባንያ በ2003 በራይንበርግ ከተማ «የወደፊቱ መደብር» ብሎ አንድ ሱፐርማርኬት ከፈተ። በ2004 መጀመሪያ ላይ ታጉ ከዕቃዎቹ ሌላ ሰዎች በኪሳቸው በሚይዙት የደንበኝነት ካርድ ውስጥም መኖሩ ታወቀ። ኩባንያው ፊልም ቅንጭብ ለማየት ዕድሜያቸው የፈቀደላቸውን ለመለየት ነው አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ካርዱ የያዘውን ሰው ስም ከዕቃው ቁጥር ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘዋል። ደግሞም ከካሸሩ በኋላ ታጉን «ያጠፋል» የተባለው መሣሪያ ሌላውን መረጃ ሲያጠፋ የቺፑን ልዩ ቁጥር እንዳለ ይተወው ነበር። በየካቲት 2004 ከመደብሩ ውጭ ሰልፍ ተደረገ፤ ኩባንያውም ካርዶቹን እንደሚቀይር አስታወቀ።

በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ሰዎቹን ያስቆጣቸው ሳይነገራቸው መደረጉ ይመስለኛል።

ምን መፍትሔ ተገኘ?

መፍትሔዎቹ የቴክኒክም የሕግም ናቸው። በ2004 የወጣው ጄን 2 የሚባለው ስታንዳርድ «ኪል» የሚል ትእዛዝ አለው። ካሸሩ በ32 ቢት የይለፍ ቁጥር ይህን ትእዛዝ ሲልክ ታጉ ለዘለዓለም ዝም ይላል። በ2005 ደግሞ የአይ.ቢ.ኤም ተመራማሪዎች ሸማቹ ራሱ የአንቴናውን ክፍል በእጁ ቀድዶ የሚጥልበትን ታግ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ታጉ የሚነበበው በጣም ሲጠጉት ብቻ ነው። ዕቃ ለመመለስ ያገለግላል፣ ከሩቅ ለመሰለል ግን አይሆንም። የዚህ ጥሩነቱ መቀደዱን በዓይን ማየት መቻሉ ነው።

የአውሮፓ ኮሚሽን በግንቦት 2009 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ ታግ ያለበት ዕቃ ምልክት እንዲኖረው፣ ታጉም በሽያጩ ቦታ እንዲሰናከል መከረ። ይህ የሚቀረው ሸማቹ ይቆይልኝ ካለ ወይም መደብሩ ገምግሞ ለግል ምስጢር የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ካሳየ ነው። በሀገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ይህም የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲያዝ የሚጠይቅ ነው።

የእኛ ሠንጠረዥ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። አራት ሆነን ለመመረቂያ የመረጥነው ለአንድ ልብስ ቤት በታግ የሚሠራ የቆጠራ ሲስተም ነበር። የዳታቤዙን ዲዛይን ለአማካሪ መምህራችን ስናቀርብ «ሽያጭ» በሚለው ሠንጠረዥ ላይ አራት ዓምዶች ነበሩ፦ የታጉ ቁጥር፣ ቀን፣ ዋጋና የደንበኛው ስልክ። መምህራችን ብዙ አልተናገሩም። «ሱሪው ከተሸጠ በኋላ ይህ ቁጥር ለማን ነው የሚጠቅመው?» ብለው ብቻ ጠየቁን።

እርስ በርሳችን ተያየን። አንዱ ጓደኛችን «ዕቃ ቢመለስስ?» አለ። ሌላው ደግሞ «ባለ ሱቁ ደንበኛው ምን እንደሚወድ ማወቅ ይፈልጋል፤ ንግድ እኮ ነው» ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያንን ዓምድ ያስገባሁት ቦታ ስላለ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። የሰነጠቅሁት የሱሪ ጨርቅ ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በጀርመን ሰው ሰልፍ የወጣበትን ነገር እኛ ሳናስበው በአንድ ምሽት ሠርተነው አረፍን።

ተጨቃጭቀን ዲዛይኑን ቀየርነው። የታጉ ቁጥር ከደረሰኝ ቁጥር ጋር ብቻ ይያያዛል፤ የመመለሻው ጊዜ ሲያልፍ ይሰረዛል። ስልክ የሚመዘገበው ደንበኛው ከፈቀደ ብቻ ሲሆን፣ የሚቀመጠውም በሌላ ሠንጠረዥ ከገዛው ድምር ጋር ነው፤ የትኛውን ሱሪ እንደገዛ አይገልጽም። ታጉም ካሸሩ ጋ ይሰናከላል። ይህ ነጻ አይደለም። ባለ ሱቁ «ማን ምን ገዛ?» ብሎ ቢጠይቅ ሲስተማችን አይመልስለትም፤ ቅር ሊለውም ይችላል። ያ ጓደኛችን እስካሁን አልተስማማም፤ የሱም ሐሳብ መልስ የሚገባው ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ለአክስቴ አሁን የምላት ይህን ነው። ታጉ ብቻውን አንቺን አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥሩን ነው። በቅርብ ርቀት ሪደር የያዘ ሰው ቁጥሩን ሊያነብ፣ የልብሱንም ዓይነት ሊያውቅ ይችላል። ስምሽን የሚያውቀው ግን የሸጠልሽ መደብር ነው፤ ያውም ቁጥሩን ከካርድሽ ጋር አያይዞ ካስቀመጠው። ስለዚህ መቀስ የተሳለበትን ጨርቅ ቁረጪው፤ ካሸሩንም «ይሄ ነገር ጠፍቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ደግሞ፦ ያንን ዓምድ ወደ ሠንጠረዡ የምናስገባው እኛ ነን። ከማስገባታችን በፊት የመምህራችንን ጥያቄ አንዴ ብንጠይቅ ምን ይለናል?