ከምረቃ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ኔትወርክና ደህንነት ሙያ መግባት፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከደብረ ታቦር፣ ከባሕር ዳር ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቀው ወደ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የሚመለሱ ወጣቶች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የሳይበር ደህንነት ሥራ እንዴት ይገኛል የሚል ነው። በዚህ ስያሜ የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች በአብዛኛው የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ስለሆነም አዲስ ተመራቂ ወደ ሙያው የሚገባው ብዙ ጊዜ በኔትወርክ ዝርጋታ፣ በጥገናና በተጠቃሚ ድጋፍ በኩል ነው። አንድ መረብ እንዴት እንደሚሠራና በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ ያላወቀ ሰው ከጥቃት ሊጠብቀው አይችልም።

በመሆኑም ማስታወቂያ ሲያነቡ "ደህንነት" የሚለውን ቃል ብቻ መፈለግ አይገባም። የአይሲቲ ባለሙያ፣ የኔትወርክ ወይም የሲስተም አስተዳዳሪ፣ የአይቲ ድጋፍ ሠራተኛ የሚሉት መደቦች የሙያው በሮች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የባንክ ቅርንጫፎችና የቴሌኮም አገልግሎት በየከተማው ቢኖሩም መረባቸው በአመዛኙ ከማዕከል የሚመራ በመሆኑ የኔትወርክ ባለሙያ ቅጥራቸው የሚወጣው በዋና መሥሪያ ቤት ወይም በትላልቅ ከተሞች ነው። በአቅራቢያ ሊገኝ የሚችለው ሥራ የወረዳ አስተዳደር፣ የሆስፒታል፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ የትምህርት ቤትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥራ ነው። በ1990ዎቹ በተጀመረው የወረዳኔት መርሐ ግብር የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር በመረብ መገናኘት ከጀመሩ ወዲህ ይህን መረብ በቅርብ ሆኖ የሚከታተል ሰው አስፈላጊነት እየጨመረ መጥቷል።

እንዲህ ያለው መደብ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ደህንነትን በተግባር ለመማር የተመቸ ነው። በብዙ አነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ራውተሩ ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል ይሠራል፣ አንድ የተጠቃሚ ስም ለሦስትና ለአራት ሠራተኛ ይውላል፣ ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋና ሲመለስም ዕቃው ይቃጠላል። የአንድ ጤና ተቋም የካርድ ክፍልን እንውሰድ። የታካሚዎች መዝገብ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተከማችቶ ዲስኩ ቢበላሽ ወይም ፋይሎችን የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ፣ ከስማዳ ቆላ ድረስ ተጉዛ የመጣች እናት የቀድሞ ምርመራዋን ውጤት ልታጣ ትችላለች። መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይደለም። ሁለት መጠባበቂያ ቅጂ ማዘጋጀት፣ አንዱን ከሕንፃው ውጭ ማስቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጂው በእርግጥ ተመልሶ እንደሚከፈት በየጊዜው መሞከር ነው። የመጨረሻው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለውን መረጃ መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታም ሆኗል። የሠራውን ሥራ ቀን፣ የተገኘውን ችግርና የተወሰደውን እርምጃ በጽሑፍ የሚይዝ ጀማሪ፣ በቀጣዩ የቅጥር ቃለ መጠይቅ የሚያሳየው ልምድ ይኖረዋል። የመሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃልና የመረብ ዝርዝር ግን በግል ማስታወሻው ይዞ መውጣት የለበትም።

ሥራ እስኪገኝ ድረስ ልምምዱን ማቋረጥ አይገባም። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ መሠረታዊ የኔትወርክና የሳይበር ደህንነት ትምህርቶችን በነፃ ይሰጣል። ፓኬት ትሬሰር የተባለው የልምምድ ሶፍትዌርም በነፃ የሚገኝ ሲሆን ተጭኖ የተጠቃሚ መለያ ከገባበት በኋላ ልምምዱን ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል። ግንኙነት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ስለዚህ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር በሚሄዱበት ጊዜ ሶፍትዌሩን አውርዶ መመለስ ይመከራል። ለመነሻ ያህል ሦስት ክፍል ያለውን መሥሪያ ቤት መረብ ይንደፉ፤ የፋይናንስ ክፍሉን ከሌሎቹ ይለዩ፤ ከዚያም ሆነ ብለው አበላሽተው ስህተቱን ይፈልጉ። ሲሲኤንኤን የመሰሉ ዓለም አቀፍ ፈተናዎች ተፈላጊነትን ቢያሳድጉም ክፍያቸው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ያለ በቂ ዝግጅት መቀመጥ አያዋጣም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና ነፃ ነው፤ ሆኖም የኮዲንግና የዳታ ሳይንስ ክህሎት እንጂ የኔትወርክ ሙያ ማረጋገጫ አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ችሎታን ለመፈተሽ ሲባል የሌላን ሰው ወይም ተቋም መረብ ያለ ፈቃድ መሞከር ወንጀል ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት ብቻውን፣ ምንም ጉዳት ባይደርስም፣ እስከ 3 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። የተቋም ወይም የቁልፍ መሠረተ ልማት ሥርዓት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። "ጉድለቱን ላሳያቸው ብዬ ነው" የሚለው ምክንያት ፈቃድን አይተካም። ፍተሻ የሚደረገው ከተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ በተሰጠ ፈቃድና ወሰኑ ተለይቶ ነው። ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ወጣቶች የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚያዘጋጀውን የሳይበር ታለንት ስልጠና ጥሪ ቢከታተሉ የተሻለ ነው።

ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ በሚገኘው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ቀርበው በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ መመዝገብ ይችላሉ። ሲቀርቡ የፋይዳ መታወቂያ፣ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ የውጤት መግለጫና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመረቁ የመውጫ ፈተና ውጤት ይዘው ይምጡ። የቴክኒክና ሙያ ምሩቃን የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫቸውን ይጨምሩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ሥራ አስገባችኋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢያጋጥም ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከት ይገባል። በግል ድርጅት ሲቀጠሩ የሙከራ ጊዜ ካለ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ርዝመቱም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።