የሻንጣው ፎቶዎችና የልጆቻችን ብዕር

ሸዕባን ሲገባደድ ቤት ይጸዳል። ምንጣፍ ይራገፋል፣ ቁም ሣጥን ይገፋል፣ ከአልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ይወጣል። እዚያ ሻንጣ ውስጥ፣ ከቤት ካርታውና ከልጆች የክትባት ካርድ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለሉ ፎቶዎች የሌሉበት ቤት ጥቂት ነው። ሁሉም ተሰብስቦ ሩብ ሰዓት ያህል ያያል። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ይባላል፣ ይሳቃል፣ እናት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ከዚያ ፌስታሉ ተመልሶ ይታሠራል። እኛ ዘንድሮ ቶሎ እንዳይታሠር እንለምናለን። ከአሱር እስከ መግሪብ ያለችው ረጅም ሰዓት ስልክ ላይ ከምታልቅ ለዚህ ብትውል ይሻላል።

ነገሩን ስናነሣ መጀመሪያ የምንጠየቀው ስለ ምስል ክልከላ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምስል ያለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡበት የሚያስተምረው ሐዲስ ሶሒሕ ነው፤ ከዑለማዎች መካከል ካሜራንም በዚያው የሚያካትቱ አሉ። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አልሙጢዒ ደግሞ ፎቶግራፍ አላህ የፈጠረውን ሰው ጥላ ማስቀረት እንጂ ከፈጣሪ ጋር መፎካከር አይደለም ሲሉ ራሱን በቻለ ጽሑፍ ፈቅደዋል። ክርክሩን በዚህ ገጽ አንጨርሰውም። አጥብቀው የሚከለክሉትም ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ይነሣሉ፤ ያለ እሱ ሐጅም አይኬድ። ለቤተሰብ የምንመክረው ግን ይህን ነው፦ በቂብላ በኩል ባለ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ እናቶችና እህቶች ያለ ሒጃብ የተነሡት ከስልክ ስልክ አይዙር። ሻንጣው ውስጥ ተቀምጦ ሲፈለግ ቢወጣ ይበቃል።

የሞተን ሰው በዕቃ አስታውሶ ልብ መንካቱ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። ከበድር ዘመቻ በኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ዘይነብ የተማረከ ባሏን አቡል ዓስን ለማስለቀቅ ከመካ የአንገት ሐብል ላከች። ሐብሉ በሠርጓ ጊዜ እናቷ ኸዲጃ (ረ.ዐ) የሰጠቻት ነበር። ኸዲጃ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ነቢዩ ሐብሉን ሲያዩ አንጀታቸው ተላወሰ፤ ሰሐባዎቹ ከፈቀዱም ምርኮኛው እንዲለቀቅ፣ ሐብሉም ለባለቤቱ እንዲመለስ ጠየቁ። ሰሐባዎቹም እሺ አሉ። አንድ ሐብል ይህን ያህል ከተናገረ፣ የአያት ፊት ያለበት ወረቀት ምን ያህል ይናገር ይሆን?

ስለ መጻፍ ደግሞ ከሐሰን ኢብኑ ዓሊ (ረ.ዐ) ወዲያ ምሳሌ አናውቅም። አያቱ ነቢዩ ሲሞቱ ገና የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ካደገ በኋላ ወደ አጎቱ ወደ ሒንድ ኢብኑ አቢ ሃላ ሄዶ፣ የምይዘው ነገር እንዲኖረኝ የአያቴን መልክ ንገረኝ አለው። ሒንድ የኸዲጃ የቀድሞ ባሏ ልጅ ነው፤ መልክን በቃል በመግለጽ የታወቀ። በዘገባው ሰንሰለት ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ቃል ቢኖራቸውም ቲርሚዚ በሸማኢል መጽሐፋቸው አስፍረውታል። ሒንድ ያነሣቸውን ነገሮች ልብ እንበል፦ ሲራመዱ ከቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው መሆናቸውን፣ ሲዞሩ በመላ አካላቸው መዞራቸውን፣ ሳቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ፈገግታ መሆኑን። በኋላ ዘመን እንዲህ ያለውን ገለጻ የኦቶማን ጸሐፍት ሒልያ ብለው በያማረ የእጅ ጽሕፈት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ፊት በሌለበት ቃል ቆመ ማለት ነው። ፎቶ ፊቱን ያሳየናል፤ አረማመዱንና ድምፁን ግን የሚያውቅ ሰው ካልነገረን አናገኘውም።

በመድረሳችን ታዳጊዎችን ከቤታቸው አንዳንድ ፎቶ መርጠው፣ ታላላቆቻቸውን ጠይቀው አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝናቸው። አንዱ ልጅ «አያቴ ጥሩ ሰው ነበሩ» የሚለውን በስድስት መንገድ ጽፎ መጣ። ሂድና እግራቸው ላይ ስላለው ጫማ ጠይቅ ብለን መለስነው።

አንዲት ልጅ ያመጣችው የአባቷን ጉርድ ፎቶ ነበር። ሌላ ፎቶ የለውም። እሷ ጡት ሳትጥል ለሥራ ዓረብ አገር ሄደ፤ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እናትየው ስሙ ሲነሣ ከክፍሉ ትወጣለች እንጂ አታወራም፤ ልጅቱም መጠየቁን ትታ ነበር። በዚያ ቀን ግን «እማዬ፣ ኮቱ ለምን ጠበበው?» አለቻት። እናት ሳቀች። ኮቱ የእሱ አልነበረም፤ ፎቶ ቤቱ ለሁሉም የሚያውሰው አንድ ኮት ነበር፤ እሱ ደግሞ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ፎቶ አንሺው «አትተንፍስ» ሲለው መሳቅ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። የፎቶውን ዋጋ የከፈለችው እሷ ናት፣ እንቁላል ሸጣ። እናት አዛን እስኪል አወራች፤ ሳምቡሳውም በአንድ ጎኑ አረረ። ልጅቱ የጻፈችው ይህንኑ ነው፣ ምንም ሳትጨምር። ስታነብልን ክፍሉ ጸጥ አለ። እናትየውም በማግስቱ ደብተሩን ጠይቃ፣ ማንበብ ስለማትችል ጎረቤቷ ሁለት ጊዜ እንዳነበበችላት ሰምተናል።

ከፎቶዎቹ ጀርባ አንዳንዴ የዓረብኛ ፊደል ይገኛል። ልጆች ቁርኣን መስሏቸው ስመው ያስቀምጡታል። ብዙ ጊዜ ግን ቋንቋው አማርኛ ነው። የወሎ ዓሊሞች መንዙማቸውን በአማርኛ ደርሰው በዓረብ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ዐጀም የምንለው ነው። ፊደል የቆጠሩ አያቶችም ስምና ቀን በዚሁ ያሰፍሩ ነበር። ለኡስታዛችሁ አሳዩት፤ ያነብላችኋል። ዛሬም በግዕዝ ፊደል መጻፍ የማይቀናቸው ሽማግሌ ካሉ በዐጀም ይጻፉላችሁ።

ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት በኩል ያልፋል። ስም ከቀኝ ወደ ግራ በአቀማመጥ ይጻፍ። ጂዳና ሪያድ ያሉ ልጆቻችሁ የሚልኩት ፎቶ ስልክ ውስጥ ብቻ ከቀረ ከስልኩ ጋር ይጠፋልና የተወሰነውን አሳትሙት። ዕድሜያቸው የገፋውን ሰዎች አስቀድሙ። በዒድ ቀን ዘመድ ሁሉ ስለሚሰበሰብ የማይታወቁት ፊቶች የሚታወቁት ያኔ ነው፤ ፌስታሉን ከቡናው ረከቦት አጠገብ አኑሩት፣ እርሳሱንም።