ማሩም ጁሱም ይቆጠራል፦ ስለ ስኳር ተረትና እውነታ

“ስኳር ቀንሻለሁ” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የተወው ኬኩንና ከረሜላውን ነው። የብዙዎቻችን ስኳር ግን የሚገባው በመጠጥ ነው። ሳንቆጥረው የምናልፈውም ይህንኑ ነው።

ተረት፦ ስኳር ትንሹም መርዝ ነው፤ ጨርሶ መተው አለበት።
እውነታ፦ ወሳኙ መጠኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከስኳር የምናገኘው ኃይል ከቀኑ ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ወይም 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ 5 በመቶው 6 ማንኪያ። የሚቆጠረው በምግብና በመጠጥ ላይ የተጨመረው ስኳር፣ ማር፣ ሽሮፕና ጭማቂ ነው። ሙሉ ፍራፍሬና ወተት ውስጥ ያለው አይቆጠርም።

ተረት፦ ጣፋጭ አልወድም፤ ስለዚህ ስኳር አላበዛም።
እውነታ፦ በቀን ሦስት ሻይ፣ እያንዳንዱን በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ወስዷል። ከምሳ ጋር አንድ ጣሳ ኮላ ሲጨምርበት ሌላ 35 ግራም ገደማ ይገባል፤ ድምሩ 70 ግራም አለፈ። ለስላሳ መጠጥ እንደ ምግብ ስለማያጠግብም እንጀራው አይቀነስለትም።

ተረት፦ ጁስ ፍራፍሬ ስለሆነ የፈለጉትን ያህል ይጠጣል።
እውነታ፦ ለአንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል። ስኳሩ ብርጭቆው ውስጥ ይገባል፤ የሚያጠግበው አሰር በአብዛኛው ይጣላል። ጁስ ቤት ደግሞ በማንጎው ወይም በአቮካዶው ላይ ስኳር የሚጨመርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስናዝ “ያለ ስኳር” እንበል፤ ከተቻለም ፍሬውን እንብላ።

ተረት፦ ማርና ቡናማ ስኳር የስኳር ሕመም ላለበትም አይጎዱም።
እውነታ፦ ይህ አደገኛ እምነት ነው። ከማር ከአምስት እጅ አራቱ ስኳር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ቡናማውም ቀለሙን የሰጠው ጥቂት ሞላሰስ እንጂ የተለየ ጥቅም አይደለም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም።

ተረት፦ የስኳር ሕመም የያዘው ሰው ጣፋጭ ስላበዛ ነው።
እውነታ፦ ዓይነት 1 የሚመጣው የሰውነት መከላከያ፣ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው፤ ከረሜላ አያመጣውም። ልጇ የታመመባትን እናት መውቀስ በደል ነው። ዓይነት 2 ከዘር፣ ከክብደትና ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር ይያያዛል፤ ጣፋጭ መጠጥ ማዘውተርም አደጋውን ይጨምራል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ግን፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ፣ ወዲያው ስኳር ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ መከልከል ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ስኳር መቀነስ ከሻዩ ይጀመር። ሦስት ማንኪያ የለመደ ሁለት ያድርግ፤ ምላስ ሲለምድ አንድ ይበቃዋል። ለስላሳው ለበዓል ይቆይ፤ በማዕድ ላይ ውሃ ይቅረብ። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ በምግቡም በመጠጡም ስኳር አትጨምሩ፤ ያልቀመሰው ነገር አይናፍቀውም።