የጣቢያው ሆቴል ኖራ ይፈልጋል

አሮጌ ሆቴል ስገባ ከአልጋው በፊት ጣራውን አያለሁ። ሥራዬ የሕንፃ ጥገና ነው፤ አባቴም የምድር ባቡር አናጺ ነበር። ክረምቱ እንዳለፈ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ካሉት ቆላማ ከተሞች በአንዱ፣ ከጣቢያው ጎን በቆመ ሆቴል አረፍኩ።

እንዲህ ያሉ ሆቴሎችን የወለዳቸው የባቡሩ ዝግታ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ የጥንቱ ባቡር የሚጓዘው ቀን ቀን ነበር፤ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። እራትና አልጋ ያስፈልገው ነበር። ኋላ ሊቶሪና የምትባለው ፈጣን ባቡር መጥታ ጉዞውን አሳጠረችው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ መሃል ወጣ ያሉ ናቸው፤ የድሮዎቹ ሆቴሎች እንግዳቸው ራቀ።

ክፍሌን ወደድኩት። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ባለ ርብራብ እንጨት ነው። ቀትር ላይ ውጪው ሲነድ እኔ ያለ ማራገቢያ መጽሐፍ አነብ ነበር። በረንዳው ፀሐይዋ ግድግዳውን እንዳትመታ ይከላከላል፤ ትኩሱ አየር ወደ ላይ ይሸሻል፤ ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም። ይህን ያሰቡት ሰዎች ቆላን ያውቁ ነበር።

ሕመሙ ግን ከታች ነው። ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ልስኑ አብጧል፤ በጣቴ ስነካው ነጭ ጨው እያራገፈ ወደቀ። ክፍሉን የሚያሰናዱት እናት አይተውኝ፣ «ልጄ፣ በየዓመቱ እናስለስነዋለን፣ በየዓመቱ ይረግፋል» አሉኝ።

ምክንያቱ ሲሚንቶ ነው። ቤቱ የተሠራው በድንጋይና በኖራ ነው። ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚወጣው እርጥበት በኖራው በኩል ተንኖ ይወጣል። ላዩ ላይ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት መውጫ ያጣል፤ ውሃው ያመጣው ጨው እዚያው ይጠራቀምና ልስኑን ገፍቶ ይጥላል፣ ቀጥሎም ድንጋዩን ይበላል። የተበሳው አሸንዳ ሲጨመርበት ግድግዳው የሚደርቅበት ወር የለም። በእኔ እምነት እነዚህን ቤቶች ከዝናብ ይልቅ የጎዳቸው በቅን ልብ የተደረገ የተሳሳተ ጥገና ነው።

ኖራ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በእርሱ ነው። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፣ በውሃ ይበርዳል፣ ለሳምንታት ተኝቶ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል፤ ከተለሰነም በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ሲሚንቶ ከሱቅ ተገዝቶ በማግስቱ ይደርቃል። ባለቤቶቹ ለምን እንደሚመርጡት ይገባኛል።

እንዲህ ባለ ሆቴል የምታድሩ፣ ባትሪና አጎበር ያዙ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ቧንቧውን ክፈቱት። ግን እደሩ። ሰው የሚያድርበት ቤት ቀዳዳው ቶሎ ይታያል፣ የመጠገኛውም ገንዘብ ከዚያው ይመጣል።

ስሄድ ለሥራ አስኪያጁ ቅደም ተከተሉን ጻፍኩላቸው፦ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውና አሸንዳው፣ ቀጥሎ የጎርፍ ቦዩ፣ ከዚያ ሲሚንቶውን አራግፎ ግድግዳውን አንድ በጋ ሙሉ ማድረቅ፣ ከዚያ ኖራ። እርሳቸው ቀለም ገዝተው ኖሯል፤ ለመጨረሻ እንዲያቆዩት ለመንኳቸው።