እውነት ወይስ ተረት? ስለማይታየው ብርሃን የምንሰማውና መሣሪያው የሚለካው

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ከልደታ ፍርድ ቤት በር እስከ ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ ባንኮች ደጃፍ ድረስ ሽጉጥ የሚመስል የሙቀት መለኪያ የያዙ ሰዎች ይቆሙ ጀመር። አብሮም «ጨረሩ አንጎል ይጎዳል» የሚለው ዓለምን ያዳረሰ ወሬ ገባ። ግንባሩን ሸሽጎ እጁን የሚዘረጋው ሰው ብዙ ነበር። ወሬው ዛሬም አልሞተም። የሚያሳዝነው ደግሞ ሰው ሊፈራው የማይገባውን እየፈራ፣ ሊጠነቀቅበት የሚገባውን ማለፉ ነው።

«የሙቀት መለኪያው ወደ ጭንቅላት ጨረር ይለቃል»

ተረት ነው። መሣሪያው ሙቀቱን የሚለካው ከቆዳችን የሚወጣውን ጨረር በመቀበል ነው። ሙቀት ያለው አካል ሁሉ ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ጨረር ያወጣል፤ የሰው ገላ አብዝቶ የሚያወጣው ወደ 9,500 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ነው። ግንባር ላይ የምትታየዋ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ብቻ ናት፤ ዓይን ውስጥ እንዳትገባ መጠንቀቅ ይበቃል። እጅን መዘርጋቱ ግን ጉዳት ነበረው፤ የእጅ ቆዳ ከግንባር ስለሚቀዘቅዝ ትኩሳት ያለበት ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል።

በሕክምና፣ በፋብሪካና በምርምር ብዙ ሥራ የሚሠራው ኢንፍራሬድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለው ቅርብ ኢንፍራሬድ ሲሆን ከ780 እስከ 2,500 ናኖሜትር ያለውን ይሸፍናል። ዊልያም ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ፣ ከቀዩ አልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ሙቀቱ ጨምሮ አገኘው። ታሪኩ የጀመረው ከዚያ ነው።

«የደኅንነት ካሜራ በሌሊት የሚያየን በሰውነታችን ሙቀት ነው»

አብዛኞቹ አይደሉም። በየሱቁ የተሰቀለው ካሜራ በሌንሱ ዙሪያ 850 ናኖሜትር ገደማ የሚያበሩ ትንንሽ አምፖሎች አሉት፤ ዓይናችን ባያየውም እሱ በራሱ መብራት ነው የሚያየው። ማረጋገጥ የፈለገ የቴሌቪዥን ሪሞቱን ወደ ስልኩ የፊት ካሜራ አዙሮ ቁልፉን ይጫን። በብዙ ስልኮች ላይ ባዶ ዓይን የማያየው አምፖል ነጣ ያለ ሐምራዊ ሆኖ ብልጭ ሲል ይታያል።

«እንደ ራጅ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይሆንም»

ይህም ተረት ነው። የቅርብ ኢንፍራሬድ ጉልበት ከቀይ ብርሃን እንኳ ያነሰ ስለሆነ የሕዋስን ውስጠኛ ክፍል የሚሰብርበት አቅም የለውም። በጣም ሲበረታ ማቃጠሉ ግን እውነት ነው፤ ለዓመታት የጋለ ብረትና የቀለጠ መስታወት ፊት የሚሠሩ ሰዎች የዓይን ሞራ እንደሚያገኛቸው ይታወቃል። ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋ የኦክስጅን መለኪያ መብራት ከዚያ ጋር የምትወዳደር አይደለችም።

«ማሽኑ እህሉን አንዴ አይቶ ያለውን ሁሉ ይናገራል»

ግማሽ እውነት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ካርል ኖሪስ የእህልን እርጥበት በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን መለካት እንደሚቻል አሳየ። ውሃ 1,450 እና 1,940 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ ፕሮቲንና ቅባትም እንዲሁ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። እኛም ጋር አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ የጭድና የሌላ መኖ ጥራት በዚሁ ዘዴ ይመረምራል። ጭዱ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፤ በኬሚካል ቀናት የሚወስደው ውጤት በደቂቃ ውስጥ ይገኛል።

ነገር ግን ማሽኑ ፕሮቲን አያይም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። ቁጥሩን የሚያወጣው አስቀድሞ በኬሚካል ከተመረመሩ ብዙ ናሙናዎች ጋር እያመሳሰለ ነው። በውጭ አገር ስንዴ የተስተካከለን ማሽን የጤፍ ጭድ ቢያጎርሱት ቁጥር ከመስጠት ወደኋላ አይልም፤ ቁጥሩ ግን ስህተት ይሆናል። ቡናም ላይ እንደዚሁ ነው። እርጥበቱን መለካት ይቻላል፣ ካፌይኑንም መገመት ይቻላል፤ የይርጋጨፌን ጣዕም የሚፈርደው ግን እስከ ዛሬ ቀማሹ ነው። «ቀማሽ ቀረ» የሚለውን ወሬ የሚያምን ነጋዴ ማሽን ከመግዛቱ በፊት በየትኞቹ ናሙናዎች እንደተስተካከለ ይጠይቅ።

«ጣት ላይ የሚደረገው ኦክስጅን መለኪያ አይሳሳትም»

በጣም ያሳሰበኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ነፍስ አለበት። ከኮሮና ወዲህ ይህች መሣሪያ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ክፍሎች ወጥታ በየፋርማሲው መደርደሪያና በየቤቱ መሳቢያ ገብታለች። «ሳቹሬሽኑ ስንት ነው?» ብሎ የደም ኦክስጅንን በመቶኛ መጠየቅን ነርሶች ብቻ ሳይሆኑ እናቶቻችንም ለምደውታል።

ውስጧ ሁለት መብራት አለ፤ አንዱ የሚታየው ቀይ፣ 660 ናኖሜትር፣ ሌላው የማይታየው፣ 940 ናኖሜትር። ኦክስጅን የተሸከመ ደም ቀዩን ያሳልፍና ኢንፍራሬዱን ይበልጥ ይውጣል፤ ኦክስጅኑን ያራገፈው ደም ተቃራኒውን ያደርጋል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሌላ ነገር ሲለካ የልብ ምት እየረበሸ አስቸገረው፤ ረብሻውን ከማጥፋት ይልቅ ተጠቀመበት። መሣሪያው ከምቱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብቻ ስለሚቆጥር ሥጋውንና አጥንቱን ትቶ የደም ቅዳውን ደም ይለካል። አዮያጊ ያረፈው ዓለም ሁሉ በእሱ ሐሳብ የታማሚ ኦክስጅን በሚከታተልበት በሚያዝያ 2012 ነበር።

እንግዲህ መቼ ይሳሳታል? ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ የጥፍር ቀለም ሲኖር፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ያዛባል። ከዚህ የሚከብደው የቆዳ ቀለም ነገር ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ባሳተሙት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ከመቶ ካነበበላቸው ጥቁር ታማሚዎች 11.7 ከመቶው በደም ምርመራ ሲታዩ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ነበር፤ በነጮቹ ላይ ይህ 3.6 ከመቶ ብቻ ነው። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቁጥሩ 93 ሆኖ ታማሚው ካለከለከ፣ የሚታመነው ማለክለኩ ነው።

«አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች 87 ምንም አይደለም» የሚሉም አጋጥመውኛል። ከፍታ ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ማድረጉ እውነት ነው። ግን በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚሁ መሣሪያ ተለክተው እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ጥናት አማካያቸው 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከነሱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በምትገኘው ልደታ ተቀምጦ 87ን በከፍታ ማመካኘት አያስኬድም። ከ90 በታች ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ቁጥር ነው።

«ቁጥሩ 99 ነው፤ የከሰሉ ጭስ አልጎዳውም»

ይህ ተረት ይገድላል። በክረምት በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ራሱን ስቶ ሲገኝ፣ ጣቱ ላይ መሣሪያው ቢደረግ 98 ወይም 99 ሊያሳይ ይችላል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በኦክስጅኑ ቦታ ደሙ ላይ ተጣብቋል፤ በቀዩ ብርሃን ሲታይ ግን ኦክስጅን የያዘ ደም ይመስላል። ሁለት መብራት ብቻ ያላት መሣሪያ ሁለቱን መለየት አትችልም፤ መርዙን ኦክስጅን ብላ ትቆጥረዋለች።

ስለዚህ ሰውየውን መጀመሪያ ወደ አየር አውጡት፤ ቁጥር ለማየት ጊዜ አታጥፉ። ሆስፒታል ስትደርሱ «ከሰል ተነድዶ ነበር» ብላችሁ ተናገሩ፤ ሐኪሙ በጣት መሣሪያ ሳይሆን በደም ምርመራ እንዲያረጋግጥ የሚያደርገው ያ ቃል ነው። ጋዙ በተራ አየር ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል ከተሰጠ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል። ኦክስጅኑ የሚሰጠው መሣሪያው 99 እያሳየም ነው፤ አጠገብ የቆመ ቤተሰብ «ሙሉ አይደለም ወይ?» ብሎ ጭንብሉን እንዳያነሳ።