ዳውን ሲንድሮም፦ ከአስተዳደግ እስከ ጥብቅና

ዳውን ሲንድሮም፣ የዘር መረጃን ከሚሸከሙት ክሮሞሶሞች መካከል ሁለት ብቻ መሆን የሚገባው 21ኛው ሦስት ሆኖ ሲገኝ የሚፈጠር ሁኔታ እንጂ የእርግማን ወይም የወላጅ ጥፋት ውጤት አይደለም። ጨቅላው ጡንቻው ስለሚላላ በብብቱ ይዘው ሲያነሡት ከእጅ ሊያመልጥ ይቃጣዋል፤ ጡት ሲጠባም ቶሎ ይደክማል። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ፣ ጤነኛ መስለው ቢታዩም እንኳ የልብ አልትራሳውንድ፣ የመስማት ምርመራና እድገትን የሚቆጣጠረው የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ሊዘገይባቸው አይገባም።

አስተዳደጉ ግን በሐኪም ቤት አያበቃም። የቀድሞው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ ዳውን ሲንድሮም ባለባት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን መመሥረታቸው፣ ወላጅ ልጁን ከመደበቅ ይልቅ ስለ መብቷ በአደባባይ ሊቆም እንደሚችል ያሳየ፣ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። ጥብቅና የግድ ተቋም መመሥረትን አይጠይቅም፤ በቦሌ፣ በገርጂ ወይም በአያት ኮንዶሚኒየም ልጇን ከጎረቤት ልጆች ጋር እንዲጫወት ወደ ግቢ የምታወጣ፣ መዋዕለ ሕፃናት «አንቀበልም» ሲላትም ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጠቅሳ የምትከራከር እናት የተሟላች ተሟጋች ናት።

የዓለም ዳውን ሲንድሮም ቀን በየዓመቱ መጋቢት 12 ይከበራል፤ ወላጆች ግን የልጃቸውን የልብ ምርመራ ለነገ አያሳድሩ።