ሊባ፣ አዜብና መስዕ፦ ከባሕር የመጡ የነፋስ ስሞች

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞን ነበረው። ዘጠነኛው ዞን ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው የሚለው የእስረኞች ምጸት በ2004 ዓ.ም. ለአንድ የጦማሪዎች ቡድን ስም ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ከጦማሪዎቹም ብዙዎቹ ታሰሩ። «ዞን» ጥንት በግሪክኛ መታጠቂያ ማለት ነበር። ከዚያው ቋንቋ ወደ ግዕዝ የገባው የነፋስ ስም ሊባ ግን ከዞን በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል፤ ባለቤቶቹም መርከበኞች ናቸው።

የጥንት ግሪክ መርከበኛ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን ነፋስ «ሊፕስ» ይለው ነበር፤ ቃሉ ሲረባ «ሊባ» ይሆናል። እኛ ዘንድ የደረሰው በመጻሕፍት ነው። ሊቃውንቱ ማዕዘን ሲቆጥሩ አራት ላይ አያቆሙም፦ በሰሜንና በምሥራቅ መካከል መስዕ፣ በምሥራቅና በደቡብ መካከል አዜብ፣ በደቡብና በምዕራብ መካከል ሊባ፣ በምዕራብና በሰሜን መካከል ባሕር ይላሉ። የአየር ትንበያው ዛሬ «ደቡብ ምዕራብ» ብሎ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። አዲስ አበባን በክረምት የሚያርሰው እርጥብ አየር በብዛት የሚመጣው ከዚሁ ከሊባ አቅጣጫ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አዜብ ነው። ንግሥተ አዜብን ያልሰማ የለም፤ ስሟ የነፋስም ስም መሆኑን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የቀይ ባሕር ዓረብ መርከበኞች የደቡቡን ነፋስ «አዝየብ» ይሉታል። በደቡባዊው ቀይ ባሕር ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ነፋሱ ከባብ ኤል መንደብ ወደ ሰሜን ይነፍሳል፤ ከሰኔ በኋላ ይገለበጣል። ይህ ሳይታወቅ ሸራ አይከፈትም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያም ከግብፅ ወደ አዱሊስ ወደብ ለሚወርድ ነጋዴ መስከረም ገደማ እንደሚመች ይናገራል።

ነፋስና እስረኛ የሚገናኙበት ታሪክ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ነው። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ ጉዞው ጉዳት እንደሚያመጣ ያስጠነቅቃል። የሚጠብቀው የመቶ አለቃ ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ይሰማል፤ እስረኛን ማን ይሰማል! ክረምቱን ሊያሳልፉበት የተመኙት የቀርጤስ ወደብ በግሪክኛው የሚገለጸው በሊባና በሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ስም ነው። አልደረሱበትም። አውራቂስ የሚሉት ዐውሎ ነፋስ ወረደባቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስዕ በኩል መሆኑ ነው። መርከቡ መሬት ነክቶ መሰበር ሲጀምር ወታደሮቹ እስረኞቹ ዋኝተው እንዳያመልጡ ሊገድሏቸው ተማከሩ። የመቶ አለቃው ከለከላቸው፤ ዋና የሚችል አስቀድሞ እንዲዘል፣ ሌላው በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ እንዲወጣ አዘዘ። እስረኛውም ጠባቂውም፣ ሁሉም 276 ሰው፣ መላጥያ ደሴት ላይ ወጣ።